ፊደላቸው አንድ፣ ቤታቸው ሌላ

ባለፈው ሰንበት ደብረ ማርቆስ እህቴ ቤት ነበርኩ። አቦል ቡና እየጠጣን የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። "ጋሼ፣ እስቲ ጠይቀኝ" አለችኝ።

ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። በግራ ቃሉ፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው። አሰላለፉ የመዝገበ ቃላት ነው፤ ከኤ ተነስታ ሲ ላይ ደርሳለች። ከቴሌግራም ካወረደችው ፒዲኤፍ ነው የገለበጠችው። የእጅ ጽሑፏ ያምራል። ስንት ሌሊት እንደፈጀባት ያስታውቃል።

"ኮንትራስት" አልኳት። "ስምምነት" አለች። "ኮንትራክትስ?" ትንሽ አሰበችና "መቃወም" አለች። "ኮንትራዲክትስ?" ዝም። ከዚያ "ውይ፣ ማታ እኮ ሸምድጃቸው ነበር!" አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እኔ አምናታለሁ። ማታ ሸምድዳቸዋለች። ግን ፍቺያቸው ተቀያየረባት፤ ሦስቱን ቃላት አንዱን ከሌላው ሥር ደርድራ፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ትንፋሽ ነው ያጠናቻቸው። ሦስቱም በተመሳሳይ ስድስት ፊደላት ይጀምራሉ፤ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ቲ፣ አር፣ ኤ። መንትያ ልጆችን አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶ፣ ጎን ለጎን አቁሞ፣ በአንድ ጊዜ ስማቸውን ለይ እንደማለት ነው። ማንም ይሳሳታል።

ይህን የምጽፈው የእሷ ነገር የብዙ ልጆች ነገር ስለሆነ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ግጭት አለ። በጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ልጆች ከክፍል ያጡትን በስልክ ከሚወርድ ፋይል ለማካካስ እየታገሉ ነው። ስልክ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ደግሞ የቃላት ዝርዝር ነው። ሺህ ቃል፣ ሁለት ሺህ ቃል፣ በኤ ቢ ሲ ተራ የተሰለፈ። አስተማሪ አጠገባቸው ስለሌለ ሲሳሳቱ የሚያርማቸው፣ ሲምታታባቸው ቆም ብሎ የሚያስረዳቸው የለም።

ፈተናው እንዴት እንደሚጠብቃቸው ሁላችንም እናውቃለን። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በዚያ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ አላሳብብም። ነገር ግን እንግሊዝኛ የአንድ ወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ኢኮኖሚክሱም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። "ኮንትራክት" የሚለውን ቃል ያላወቀ ልጅ የባዮሎጂው የጡንቻ መኮማተር ጥያቄ ላይም ይወድቃል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አእምሯችን ቃልን ሲይዝ የመጀመሪያ ድምፁ ትልቅ ቦታ አለው። ይህን ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም፤ የሰው ስም ጠፍቶብን "አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ በ'ተ' ነው የሚጀምር፤ ተስፋዬ ነው ተሰማ..." እንል የለ? ሮጀር ብራውንና ዴቪድ ማክኒል የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1966 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ፈትነውታል። ብዙም የማይነገሩ ቃላትን ፍቺ ለተማሪዎች እያነበቡ ቃሉን ጠየቁ። ቃሉ አፋቸው ላይ መጥቶ እምቢ ያላቸው ተማሪዎች፣ ቃሉን ራሱን ባያገኙትም የመጀመሪያ ፊደሉን 57 በመቶ ያህል ጊዜ በትክክል ገመቱ። "ሴክስታንት" የሚባለውን የመርከበኞች መሣሪያ ሲፈልጉ አፋቸው ላይ ይመጡ የነበሩት "ሴክስቴት" እና "ሴክስተን" ነበሩ። በፍቺ አይገናኙም። መነሻቸው ብቻ አንድ ነው።

በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሰዎችን ዓይን ተከታተለ። ጠረጴዛ ላይ ከረሜላና ሻማ ተቀመጠ። በእንግሊዝኛ ከረሜላ "ካንዲ"፣ ሻማ "ካንድል" ነው። ሰዎቹ "ካንዲውን አንሳ" ሲባሉ፣ ቃሉ ተነግሮ ሳያልቅ ዓይናቸው ወደ ሻማውም ይሄድ ነበር። "ካን" የሚለው ድምፅ ሁለቱንም ቀሰቀሰ። እነዚህ ቋንቋውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። እነሱ የዓይን ጥቅሻ ያህል ካመነቱ፣ ቃሉን ትናንት ማታ በኩራዝ ያየችው ልጅ ብትምታታ ምን ይገርማል? ባትያ ላውፈር የተባሉ የቋንቋ ተመራማሪ በ1980ዎቹ ለእንዲህ ያሉ መልካቸው ተቀራራቢ ቃላት ለብቻቸው ስም አውጥተውላቸው፣ ባዕድ ቋንቋ የሚማሩ ሰዎች እንዴት እንደሚያደናግሯቸው አጥንተዋል።

የኤ ቢ ሲ ተራ የተፈጠረው ለፍለጋ ነው። የጠፋን ቃል ቶሎ ለማግኘት። በ1604 እ.ኤ.አ. አንድ እንግሊዛዊ መምህር የመጀመሪያ የሚባለውን እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ሲያሳትሙ፣ ያኔ አንባቢው ተራውን ስላልለመደው መግቢያው ላይ አጠቃቀሙን ማስረዳት ነበረባቸው። በኤ የሚጀምረውን ከመጽሐፉ መጀመሪያ ፈልግ ዓይነት ነገር። ዓላማው ይኸው ነበር። ጎተራ እህል ለማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ዘር ግን ጎተራ ውስጥ አይበቅልም።

ታዲያ እነዚያን ሦስት ቃላት ምን እናድርጋቸው? እስቲ እንፈልቅቃቸው። ስድስቱ ፊደላት አንድ ይሁኑ እንጂ የሚቆረጡበት ቦታ አንድ አይደለም።

"ኮንትራክት" የሚቆረጠው "ኮን" ላይ ነው። "ኮን" ከላቲን የመጣ ነው፤ አብሮ፣ በአንድነት ማለት ነው። የቀረው "ትራክት" መጎተት ነው። ትራክተርን አስቡት። ጎጃም ውስጥ ትራክተር የማያውቅ ልጅ የለም። ጎታች ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። ስለዚህ "ኮንትራክት" አብሮ መጎተት፣ ወደ አንድ መሳብ ነው። ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ሐሳብ ሲሳሳቡ ውል ይሆናል። ባጃጅ በኮንትራት የምንይዘው ከዚሁ ነው። ጡንቻ ወደ ራሱ ሲሳብ ይኮማተራል፤ የባዮሎጂው "ኮንትራክት" ይኸው ነው። በሽታን ወደ ራስ መሳብ ደግሞ መያዝ ነው፤ እንግሊዝኛ ለዚህም ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። ሦስት ፍቺ ለየብቻ መሸምደድ ቀረ። አንድ ሥዕል በቃ።

"ኮንትራዲክት" ግን "ኮንትራ" ላይ ነው የሚቆረጠው። "ኮንትራ" ተቃራኒ፣ ፊት ለፊት ማለት ነው። "ዲክት" መናገር ነው፤ ዲክሽነሪ ውስጥ ያለው፣ ልጅ እያለን መምህሩ እያነበቡ የምንጽፈው ዲክቴሽን ውስጥ ያለው። ተቃራኒ መናገር፤ የሰው ቃል ማፍረስ። "ኮንትራስት"ም "ኮንትራ" ላይ ይቆረጣል፤ የቀረችው ጫፍ መቆም ከሚለው የላቲን ግስ የተረፈች ናት። ፊት ለፊት ተቃርኖ መቆም። ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነታቸው እንደሚጎላ።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት "ኮንትሮባንድስ?" አለችኝ። ደስ አለኝ። ኮንትሮባንድም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። "ባንዶ" በጣሊያንኛም በስፔንኛም አዋጅ ነው። ኮንትሮባንድ ማለት አዋጅን የሚጻረር ማለት ነው። ዕድሜ ልካችንን ስንሰማው የኖርነው ቃል ሆዱ ውስጥ ይህን ይዞ ነበር። "ኮንትሮል" ራሱ መነሻው ተቃራኒ መዝገብ ነው፤ ድሮ ሒሳብ ሲያዝ አንዱን መዝገብ ከሌላው ግልባጭ ጋር ፊት ለፊት አድርጎ ማመሳከር። ማመሳከሩ ቁጥጥር ሆነ።

አንድ ልጨምር፤ "ኮንትሪቢዩት"። ይህ ደግሞ ወደ "ኮን" ይመለሳል። አብሮ መስጠት፤ መዋጮ። ዕድር ያለው ሰው ያውቀዋል።

አሁን የ"ትራክት"ን ዘመዶች ጥሩ። "ኤክስትራክት" አውጥቶ መጎተት ነው፤ ጥርስ ሲነቀል፣ ዘይት ሲጨመቅ። "ሰብትራክት" ከሥር ስቦ መውሰድ ነው፤ መቀነስ። "አትራክት" ወደ ራስ መሳብ ነው። "ዲስትራክት" ወዲያና ወዲህ ጎትቶ ሐሳብን መበተን ነው። እነዚህ ቃላት ልጅቱ ባወረደችው ፒዲኤፍ ላይ አንዱ ኤ፣ አንዱ ዲ፣ አንዱ ኤስ ገጽ ላይ ተበትነዋል። እናትና ልጅ ተለያይተው፣ ባዳዎች አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም ነበር። ቋንቋችን ከመነሻ ፊደል ይልቅ በሥር የሚኖር ቋንቋ ነው። ጻፈ፣ ተጻፈ፣ አጻጻፍ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት፣ ጸሐፊ፤ መነሻቸው ይለያያል፣ ሥራቸው አንድ ነው። ሊቃውንቱ ባዘጋጁት የግዕዝ መዝገበ ቃላት ውስጥ "መጽሐፍ"ን "መ" ላይ የሚፈልግ አያገኘውም። "ጸሐፈ" ላይ ሄዶ ነው የሚያገኘው። በተቃራኒው መስቀል፣ መስኮት፣ መስከረም ሦስቱም በ"መስ" ይጀምራሉ፤ ዝምድና ግን የላቸውም። "አልሄድም" ውስጥ ያለው "አል" ማፍረሻ ነው። "አልጋ" እና "አልማዝ" ውስጥ ያለውን "አል" ግን ማንም ማፍረሻ አይለውም። ባላገር ሲፈታ ባለ አገር ነው፤ ባልዲ ግን የምንም ባለቤት አይደለም። ይህን ሁሉ የሦስት ዓመት ልጅ ሳይነገረው ያውቃል። በእንግሊዝኛ ግን ማንም ስላላሳየን ሁሉም "ኮን" አንድ ይመስለናል።

የበለጠ የሚያንገበግበኝ ይህ የሚሆነው ጎጃም ውስጥ መሆኑ ነው። በቅኔ ስልታቸው የሚታወቁት ዋሸራና ጎንጅ እዚሁ ናቸው። ዲማ ጊዮርጊስ እዚሁ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ስንትና ስንት የግዕዝ ግስ በቃሉ ይይዛል። ደብተር የለውም፣ ስልክ የለውም። እንዴት ነው የሚይዘው?

በቤት ነው የሚይዘው። ግሶቹ በአርእስት ይመደባሉ። የቀተለ ቤት፣ የቀደሰ ቤት፣ የባረከ ቤት እየተባለ ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ቀተለና ቀደሰ ሁለቱም በ"ቀ" ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ሦስት ፊደል ናቸው። ግን የሁለት ቤት አባወራዎች ናቸው። አንዱ ሲረባ "ይቀትል" ይላል፣ ሌላው "ይቄድስ"። ወደሰና ነጸረ በመነሻቸው ቀደሰን አይመስሉም፤ ሲረቡ ግን "ይዌድስ"፣ "ይኔጽር" ብለው ወደ ቀደሰ ቤት ይገባሉ። የኔታ ተማሪውን የሚጠይቁት በምን ፊደል ይጀምራል ብለው አይደለም። ቤቱን ነው የሚጠይቁት። በእርግጥ የግዕዙ ቤት የርባታ ቤት ነው፤ እኔ ለእንግሊዝኛው የምለው ደግሞ የሥር ቤት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ልማዱ ግን አንድ ነው። ቃልን በመነሻው ሳይሆን በወገኑ መያዝ።

ስለዚህ ሽምደዳን አላወግዝም። በከተማ አሁን አሁን ሽምደዳ እንደ ነውር ይቆጠራል። የቅኔ ቤት ሊቃውንት ሸምድደው ነው ሊቅ የሆኑት። ቃል ሳይያዝ ቋንቋ የለም። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፤ በምን ተራ?

እንግሊዝኛ ለዚህ አያያዝ የሚመች ቋንቋ ነው። በ1066 እ.ኤ.አ. ከኖርማንዲ የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች እንግሊዝን ያዙ። ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥት፣ የፍርድ ቤትና የትምህርት ቃል በፈረንሳይኛ በኩልም በቀጥታም ከላቲን እየገባ፣ ዛሬ ከእንግሊዝኛ ቃላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዚያ የመጡ ናቸው። ለአማርኛ ግዕዝ እንደሆነው ማለት ነው። ውሃ፣ እጅ፣ ቤት የሚሉት የየቀኑ ቃላት የጥንቱ እንግሊዝኛ ናቸው፤ ሥር ብትቆፍሩባቸው ብዙ አታተርፉም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ቃላት ግን በብዛት ላቲን ናቸው። እዚያ መቆፈር ያዋጣል።

ሆኖም ሥርም ያሳስታል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ልጆቹን ከአንድ ጉድጓድ አውጥቼ ሌላ ውስጥ ልጨምራቸው ነው። "ኢን" ብዙ ጊዜ ማፍረሻ ነው፤ "ኢንቪዚብል" የማይታይ ነው። "ኢንፍላመብል" ግን የማይቃጠል ማለት አይደለም። በተቃራኒው ቶሎ የሚቀጣጠል ነው። እዚያ ያለው "ኢን" ውስጥ፣ ወደ ውስጥ የሚለው ነው፤ እሳት የሚገባበት። ይህ የፈተና ነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከል ማኅበር በ1920ዎቹ ሰዎች ቃሉን በተቃራኒው ተረድተው አደጋ እንዳይደርስ ብሎ "ፍላመብል" የሚለው አጭሩ ቃል እንዲጻፍ ወትውቷል። በደጀን በኩል የሚያልፉትን የነዳጅ ቦቴዎች ባየሁ ቁጥር ይህ ቃል ትዝ ይለኛል። "ኢንቫሉዌብል"ም እንዲሁ ዋጋ ቢስ አይደለም። ዋጋ ሊተመንለት የማይችል፣ ውድ ማለት ነው።

"አን"ም ያታልላል። "አንሃፒ" ደስተኛ ያልሆነ ነው። "አንክል" ግን አጎት ነው፣ "አንደር" ደግሞ ሥር ነው። "ፖርት"ን ያጠናች ልጅ ኤክስፖርት አውጥቶ መሸከም፣ ኢምፖርት አስገብቶ መሸከም፣ ትራንስፖርት ከወዲህ ወዲያ መሸከም መሆኑን ታገኛለች። ፓስፖርት ላይ ስትደርስ ግን "ፖርት" ወደብ ነው፤ በወደብ ማለፊያ። ፔዳል ውስጥ ያለው "ፔድ" የላቲን እግር ሲሆን የሕፃናት ሐኪም ስም (ፔዲያትሪሺያን) ውስጥ ያለው "ፔድ" የግሪክ ልጅ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ሲፈለቀቅ ልብ ይነካል። "ዲዚዝ" በሽታ ነው፤ የተሠራው ግን ከ"ዲስ" እና ምቾት፣ ዕረፍት ከሚለው ቃል ነው። ዕረፍት ማጣት። "ዲዛስተር" ትልቅ አደጋ ነው፤ ውስጡ ያለው "አስትሮ" ኮከብ ነው። ኮከቡ የከፋ እንደማለት። "ኮከቡ አልገጠመም" ሲሉ ለሰሙ ልጆች ይህ ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ መነገር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ለልጆቹና ለሚያስጠኗቸው የምለው ትንሽ ነው። መነሻቸው የሚመሳሰል ቃላትን በአንድ ቀን አታጥኑ። "ኮንትራክት" ዛሬ ከተያዘ "ኮንትራስት" ለሌላ ሳምንት ይቆይ። የመጀመሪያው ሥር ሳይሰድ ሁለተኛውን አጠገቡ አትትከሉ። ቃሉን ለብቻው ሳይሆን በአረፍተ ነገር ውስጥ ያዙት። ሥር ስትፈልጉ ደግሞ አፋችሁ ውስጥ ካለው ጀምሩ። ትራክተር፣ ትራንስፖርት፣ ሪፖርት፣ ኮንትራት፣ ፔዳል፣ ዲክሽነሪ። እነዚህን ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል፤ ያለክፍያ የተሰጡ ቁልፎች ናቸው። ግምታችሁን ግን በመዝገበ ቃላት ሳታረጋግጡ ደብተር ላይ አታስፍሩ።

የቃላት ፋይል በቴሌግራም የምትለቁ መምህራንም አላችሁ። በቀና ልብ እንደምትሠሩት አውቃለሁ፤ በዚህ ጊዜ ስንት ልጅ በእናንተ ፋይል ነው የሚያጠናው። እባካችሁ ያንኑ ሺህ ቃል በቤት በቤቱ አድርጋችሁ መልሳችሁ ልቀቁት። የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

ያን ቀን ቡናው በረካ እስኪደርስ አብረን ተቀመጥን። ሦስቱን ቃላት ከነበሩበት ሰርዛ ደብተሩን ከኋላ ገለጠችው። አንዱ ገጽ ላይ "የትራክት ቤት" ብላ ጻፈች፤ ሥሩም ትራክተር፣ ኮንትራክት፣ ኤክስትራክት፣ ሰብትራክት፣ አትራክት፣ ዲስትራክት። ቀጣዩ ገጽ ላይ "የኮንትራ ቤት" ብላ ጻፈችና ቆም አለች። ከዚያ ኮንትራዲክትንም ኮንትራስትንም ትታ መጀመሪያ ያሰፈረችው ኮንትሮባንድን ነው። ትናንት ስደውልላት "የዲክት ቤት አሥር ቃል ሞላ" አለችኝ።